ስልሳ አንድ ዓመት የሞላት የልጅ ልጄ

ለተከበሩ የልደት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ያ አዲሱ ተሽከርካሪ የቢሮ ወንበርስ ለወገብዎ ተስማማዎት? እኔ ለልጅ ልጄ የልደት ወረቀት ላወጣ በርዎ ላይ አራት ቀን ስቆም ካበጠው እግሬ በቀር ደህና ነኝ። ለቢሮዎ ስድስት ኮምፒውተሮች ስለገቡለት እንኳን ደስ ያለዎት እያልሁ፣ ያየሁትን በትሕትና እዘረዝራለሁ።

፩ኛ. ድሮ አንድ ጸሐፊ መዝገቡን ገልጦ፣ ጽፎ፣ ማኅተሙን መትቶ፣ ማዶ ያዘዝሁት ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያሰናብተኝ ነበር። ዛሬ የመጀመሪያዋ በወረቀት ትጽፋለች፣ ሁለተኛው ኮምፒውተር ውስጥ ያስገባል፣ ሦስተኛዋ አትማ ታወጣለች፣ አራተኛው ደግሞ «ኮምፒውተር አይታመንም» ብሎ የታተመውን በእጁ ወደዚያው አሮጌ መዝገብ ይገለብጣል። የአንድ ሰው የሩብ ሰዓት ሥራ ለአራት ሰው አራት ቀን እንዲበቃ ስላደረጉልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

፪ኛ. ሁለቱን ቀን «አባባ፣ ሲስተም የለም» ተብያለሁ። ለእኔ የጠፋው ሲስተም ለካርታ ጨዋታ ሲገኝ ግን በሁለተኛው ጸሐፊ መነጽር ላይ ተንጸባርቆ አይቻለሁ፤ ቀይዋን ንግሥት የት እንደሚያስቀምጣት ልነግረው ምላሴን በላኝ።

፫ኛ. ይኸው ጸሐፊ ከእኔ ፊት የነበሩትን የስልሳ አንድ ዓመት ሴትዮ ቅጽ ከኮምፒውተሩ ሳያጸዳ የልጅ ልጄን ስም ስለጻፈበት፣ የስድስት ዓመቷ ሕፃን ስልሳ አንድ ዓመት ሞልቷት ወጣች። እናቷን በሠላሳ ዓመት በለጠቻት። አራተኛውም ስልሳ አንዱን ባማረ እጅ ጽሑፍ ገለበጠው። ልጅቷን ይዤ ሄጄ ሁለተኛው ጸሐፊ ፊት ባቆማት፣ እሷን ትቶ ኮምፒውተሩን አየና «አባባ፣ ማሽኑ ተቀብሎታል እኮ!» አለኝ። እሷም ሳቅ ብላ የወለቀ የፊት ጥርሷን ብታሳየው፣ ጭራሽ አመነ።

ክቡር ሆይ፣ ቀልዴ እዚህ ላይ ያበቃል። የትምህርት ቤቱ ምዝገባ ዓርብ ይዘጋል፤ በዚህ ወረቀት ደግሞ አንቀበልም ብለውናል። ልጅቷ በየማለዳው ቦርሳዋን አዝላ «አያቴ፣ ዛሬስ ትንሽ ሆንኩ?» ትለኛለች። ዓይን ያለው ሰው ፊቱ የቆመችን ሕፃን ትቶ ዕድሜዋን ከሳጥን ሲጠይቅ እንደማየት የሚያቅለሸልሽ ነገር አልገጠመኝም። በማሽኑ አላሳብብም፤ ለሰነፍ ፈጣን ማሽን ቢሰጡት የሚፈጥነው ስህተቱ ነው።

ለእርስዎና ለስድስቱ ኮምፒውተሮችዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ዕድሜውን ግን ጸሐፊዎችዎ እንዳይሞሉላችሁ እየጸለይሁ፣

በርዎን ተደግፎ ትከሻው ያለቀው፣ የስልሳ አንድ ዓመቷ እመቤት አያት።

ማሳሰቢያ፦ ሐሙስ ማለዳ ይዣት እመጣለሁ። በወረቀትዎ መሠረት ታላቅዎ ናትና፣ ስትገባ ብድግ ብለው ወንበሩን ይልቀቁላት። ስድስት ቁጥርን በእርሳስ መጻፍ ስለምትችል፣ ቢሮዎን ያቃተውን ሥራ ራሷ ትጨርሰዋለች።