የዘርአ ዳዊት ወይን

ለወንድሜ ለዘርአ ዳዊት ገብረ ጻድቅ፣
ባለህበት።

የእናቴ ልጅ፣ እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ክረምት በገባ ቁጥር የሚነሣብህ ሳል ተወህ ወይስ ዛሬም አብሮህ ያድራል? የአስመራ ብርድ ከአንኮበር ብርድ ይሻላል ይላሉ፤ እውነት ነው? የሚያበስልልህ ሰው አለ? ልብስህንስ ማን ያጥብልሃል? እኔ እኅትህ ወለተሐና ከጉልበቴ ቁርጥማትና ከምላሴ በቀር ደኅና ነኝ፤ ቁርጥማቱ ሲብስ ምላሴም እንደሚብስ አንተው ታውቃለህ። ላሚቱ ወልዳለች። ገብሱን ውርጭ መታው፤ ባቄላው ግን እንደ ምንም ተርፏል። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ዋናውን ነገር ለመጻፍ እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ነው።

አባባ ደክመዋል። ከመስቀል ወዲህ ምግብ አይወርድላቸውም። በኅዳር እስከ መኪናው መንገድ በቃሬዛ፣ ከዚያ ወዲያ በጭነት መኪና አድርገን ደብረ ብርሃን ሐኪም ዘንድ አደረስናቸው። ሐኪሙ ሆዳቸውን ጫን ጫን አድርጎ ካየ በኋላ እኔን ወደ ውጭ ጠርቶ «ወደ ቤታቸው መልሷቸው፤ ያማራቸውን ሁሉ ስጧቸው» አለኝ። ያማራቸውን ስጡ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የማላውቅ ሕፃን አይደለሁም። በእማማም ጊዜ የተባልነው ይኸው ነበር።

ቤት ገብተው ካረፉ በኋላ ምን እንዳማራቸው ጠየቅኋቸው። እርጎ ይላሉ፣ ግፋ ቢል የዶሮ መረቅ ይላሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ጣራው ሲያዩ ቆይተው «ዘርአ ዳዊት የሚሠራው ወይን» አሉ።

ለዚህ ተጠያቂው አንተው ነህ። «ወይን ፋብሪካ ሥራ ገብቻለሁ» ብለህ የጻፍህላቸው ጊዜ ደብዳቤህን ሦስቴ አስነብበውኝ፣ በማግሥቱ ለደብሩ ካህናት ሁሉ አወሩ። አባባ በዕድሜያቸው የሚያውቁት ወይን የቤተ ልሔሙን ብቻ ነው፤ ዘቢቡ ታጥቦ፣ ተዘፍዝፎ፣ ተጨምቆ ለቅዳሴ የሚቀርበውን። ስለዚህ በእሳቸው ሐሳብ ፋብሪካ ማለት ትልቅ ቤተ ልሔም ነው፤ አንተም እዚያ ነጠላህን አደግድገህ ዘቢብ ስታጥብ ትውላለህ። እኔም አላረምኋቸውም፤ ፋብሪካ ምን እንደሚመስል እኔስ የት አውቄ? ትዝ ይልህ እንደሆነ ዲያቆን ሳለህ ዘቢቡ ላይ ውኃ ታሳንስ ነበር። መምሬ ኃይለ ገብርኤል «ይህ ልጅ ወይኑን ማር አስመሰለው» ብለው ሲቆጡህ አባባ «ተዉት፣ ልጄ የሚሰስተው ውኃውን ነው» ይሉ ነበር። ይህን እስከ ዛሬ ያወራሉ።

ሁለት ጊዜ ጻፍሁልህ፤ መልስ የለም። ስለዚህ ከገና በኋላ እኔው ራሴ ወይን ፍለጋ ደብረ ብርሃን ወጣሁ። እኔ ወለተሐና፣ የቄስ ልጅ፣ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ቡና ቤት ገባሁልህ! ገና ከበሩ ሳልዘልቅ አንዲት የቤቱ ሴት «ባልሽን ፈልገሽ ከሆነ ዛሬ አልመጣም» አለችኝ። ባሌ ከሞተ ስንት ዘመኑ ነው፤ አለመምጣቱ አልገረመኝም። አሻሻጩ ብርሃነ መስቀል የሚባል ጨዋ ልጅ ነው። ነገሬን ሰምቶ ጠርሙሶቹን ባንኮኒው ላይ ደረደረልኝ። የቱ የወንድሜ እጅ ሥራ እንደሆነ ብጠይቀው፣ «እትዬ፣ ጠርሙስ ላይ የሠራተኛ ስም አይጻፍም፤ ከአስመራ የመጡት ግን እነዚህ ርካሾቹ ናቸው» አለኝ። ከዚያ አንዱን በጨርቅ ወልውሎ እያሳየ ይህ ብዙ ዓመት የቆየ ነው ብሎ ይኩራራብኝ ጀመር። እኔም ብዙ ዓመት ከቆየ ለምን አትደፋውም፣ ለሰው የምትሸጠው ከሆነም ያረጀ ነውና ዋጋውን ቀንስልኝ አልሁት። ባንኮኒውን ይዞ ሳቀ። ሴቶቹም ሳቁ። ሰው በደረቁ ያረጀ መጠጥ በውድ ሲሸጥ እኔ መሳቂያ ሆንሁ! የቆየውን ትቼ አዲስ ናቸው ያለኝን ሦስት ገዛሁ። ወረቀቱ የተላጠ አንድ ጠርሙስ ደግሞ የሚገዛው ቢያጣ ምራቂ ብሎ ጨመረልኝ።

በሩ ላይ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ጎማ ያስነፋ ነበር። ያሕያ ይባላል፤ በአስመራ መንገድ የሚመላለስ ሰው ነው። ስምህን ስጠራ ሰምቶ ቀና አለ። ዘርአ ዳዊትን አውቀዋለሁ አለኝ። ፋብሪካው ውስጥ ሥራህ ጠርሙስ ማጠብ እንደነበረ፣ ከዚያም ከወጣህ ዓመት እንዳለፈህ፣ ከወጣህ በኋላ መጠጥ እንደበዛብህ፣ አሁን የት እንደምታድር በውል እንደማያውቅ ነገረኝ። ሲነግረኝ መሬት መሬት እያየ ነበር፤ ደግ ሰው ነው። ዘርአ ዳዊት፣ ቆሜ ቀረሁ። ጠርሙሶቹን ልመልሳቸው አሰብሁ። ግን ባዶ እጄን ገብቼ አባባን ምን ልበላቸው? አቅፌያቸው ሄድሁ።

መኪና ስላላገኘሁ የመጣሁት ከአሊዩ አምባው ከዓወል ጋር ነው። በርበሬውን ሸጦ ይመለስ ነበር። ወይን መሆኑን ስነግረው፣ «እኔ በእጄ አልነካውም፤ ሸክሙም የበቅሎዋ ነው እንጂ የእኔ አይደለም፤ አንቺው ጫኚ፣ አንቺው አውርጂ፤ የአባትሽን ሕመም ግን አላህ ያቅልልን» አለኝ። ዳገቱ ላይ ጠርሙሶቹ ሲንቀጫቀጩ እየዞረ ያያትና «አደራሽን እንዳትለምጂ» ይላት ነበር በቅሎዋን። በመንገዱ ሁሉ የሳቅሁት በዚያ ብቻ ነው።

የቃና ዘገሊላ ዕለት፣ ታቦቱ ከገባ በኋላ፣ መምሬ ኃይለ ገብርኤልና ጎረቤታችን አስካለማርያም ሊጠይቋቸው መጡ። አባባ ጥምቀተ ባሕር ሳይወርዱ ሲቀሩ በዕድሜያቸው የመጀመሪያቸው ነው፤ ዝማሬውን ከአልጋ ሆነው ነው የሰሙት። ይህ ቀን ካላስደሰታቸው ሌላ ቀን የለም ብዬ ጠርሙሶቹን አወጣሁ። መክፈቱ ራሱ ሌላ ጉድ! ቡሹን በወስፌ ብወጋው ተፈረፈረ። በመጨረሻ መምሬ በእንዝርቴ ገፍተው ወደ ውስጥ ከተቱት፤ ወይኑ ፊታቸው ላይ ፈነጠቀ፣ ነጭ ጋቢያቸውም ቀላ። አስካለማርያም የታረደ በግ ነው የሚመስሉት አለቻቸው።

ቀጂ አስቀድሞ በመዳፉ ጠብ አድርጎ መቅመስ ወጉ ነውና እኔ ቀደምሁ። የመጀመሪያው ዶሮ የተሣለበት ነው። የጥርሴን ሥር ነቀለው። አባባ ከንፈራቸውን ብቻ አርጥበው «ይህ ያደረ ነው» አሉ። መምሬም ደገፏቸውና ቢያንስ ሦስት ቀን አድሯል ብለው ፈረዱ። ሁለተኛው እንደ ሳል መድኃኒት የሚጣብቅ ጣፋጭ ነው። አስካለማርያም ይህን ወደደችው፤ ሦስተኛውን ብርሌ ስትጨርስ የሞተ ባሏን ታማ ጀመር፣ በአራተኛው ታለቅስለት ጀመር። ሦስተኛው ጠርሙስ ዝናብ የመታው ኮርቻ ይሸታል። መምሬ ማር ጠብ ቢደረግበት ይድናል አሉ፤ ማር አደረግን፤ ወይኑም ሳይድን ማሩም ጠፋ። መምሬ ግን ፍርድ እንዳይጓደል እያሉ ደጋግመው ቀመሱት። የእኔም መዳፍ እንሶስላ እንደሞቀች ሙሽራ ቀልቶ ነበር።

እንዲህ ስንሳሳቅ አባባ በእያንዳንዱ «የልጄ እጅ የለበትም» ይሉ ነበር። ከሦስተኛው በኋላ ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሳቁ ከቤቱ ወጣ።

የቀረው ያ ወረቀቱ የተላጠው ምራቂ ነው። በመዳፌ ቀመስሁት፤ ሆምጣጤ ነው። መምሬ ገና ሽታው ሲደርሳቸው ወደ ኋላ አሉ። የአባባን ጀርባ አየሁና እንዲህ አልሁ፦ አባባ፣ የዘርአ ዳዊት ይኸኛው ነው፤ ወረቀቱ የተላጠው ከእሱ እጅ ወጥቶ በብዙ ሰው እጅ ስለመጣ ነው።

ዞሩ። ቀና አድርጉኝ አሉ። ጥምጥማቸውን አስተካክዬ ዋንጫውን አቀረብሁላቸው። እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ጽዋ ይዘው አያውቁም፤ ቅዳሴ ያስተዋቸውም ይኸው መንቀጥቀጥ ነው። ያን ዋንጫ ግን በሁለት እጃቸው ይዘው እስከ አተላው ጠጡት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ከሆምጣጤው ይሁን ከሌላ አላውቅም። «ይኸው ነው» አሉ። «ውኃ አላበዛም።» ከዚያ መምሬም እንዲቀምሱ አዘዙ። መምሬ ኮሶ እንደሚጠጣ ሰው ዓይናቸውን ጨፍነው ዋጡና «እውነትም የዘርአ ዳዊት እጅ!» አሉ። እግዚአብሔር ያችን ውሸት ይቅር ይበላቸው፤ የእኔን አልጠይቅም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጧት ጧት ከዚያ ጠርሙስ ትንሽ ይጎነጫሉ። ሌላ ነገር አይወርድላቸውም። ጠርሙሱ ራስጌያቸው ተቀምጧል፤ የሚጠይቃቸው ሁሉ ልጄ የላከልኝ ነው ይባላል።

ዘርአ ዳዊት፣ አልቆጣህም። ቁጣውን ዳገቱ ላይ ጨርሼዋለሁ። ወይንም አልለምንህም፤ ከሱቅ ገዝተህ የኔ ነው ብለህ እንዳትልክ፣ ውሸቱ የእኔ ይበቃል። ናልኝ እልህ ነበር፤ ግን እንደማትመጣ ልቤ ያውቃል፤ ብትመጣም በሕይወት እንደማትደርስባቸው አውቃለሁ። ይህ ወረቀት ራሱ ይደርስሃል ብዬ አላምንም። ዓወል ለያሕያ ይሰጠዋል፣ ያሕያም በየቡና ቤቱ ይጠይቅልኛል። ካገኘህና እያነበብኸው ከሆነ፣ እባክህ ያን ቀን እንኳ አትጠጣ።

መምሬ ኃይለ ገብርኤል ሰላም ይሉሃል፤ ጋቢያቸው እስከ ዛሬ አልነጣም። አስካለማርያም ሳሚልኝ ብላለች፤ የጣፋጩን ወይን ስም ይጻፍልኝ ትላለች። ዓወል በአላህ ስም ሰላም ብሎሃል። ከአንተ ጋር ያደገችው የቤታችን በቅሎም አለች፣ ዓይኗ ጠፍቷል።

የአባባን ሰላምታ ለመጨረሻ ያቆየሁት ከብዶኝ ነው። ያ ሆምጣጤ አልቋል። ሲያልቅ ጠርሙሱን በውኃ አለቅልቄ ሰጠኋቸው፤ በማግሥቱም እንዲሁ። ምንም ሳይሉ ይጠጡ ነበር። ዛሬ ጧት ግን ተጎንጭተው ዋንጫውን ደረታቸው ላይ አሳረፉ። ከዚያ ይህን እንድጽፍልህ አዘዙኝ፦ «ልጄ ውኃ አበዛበት። እሱ እንዲህ አልነበረም፤ ደክሞታል ማለት ነው። መጥቶ ይረፍ በይልኝ።»

እኅትህ ወለተሐና ገብረ ጻድቅ
አንኮበር፣ ጥር ፳፰ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.