ዳገቱ ላይ የቆመችው ቮልስ

ባሕር ዳር
ጥቅምት 23 ቀን 1974 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ባለቤቴ ለወለተ ሥላሴ
እንፍራንዝ

ከተለያየን ሰባት ወር ሊሞላን ነው። እንዴት አለሽልኝ? እኔ በጤና በኩል እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ቤቱ ግን ጭር ብሏል። ይህን ደብዳቤ ወንድምሽ ሣህሉ እንዲያነብልሽ አትስጪው፤ ራስሽ አንብቢው። ፊደሉን እንዲህ አግዝፌ የጻፍሁት ለዓይንሽ እንዳይከብድ ብዬ ነው። የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀት ስትቀበዪ ከሁሉ በላይ ያጨበጨብሁልሽ እኔ ነኝና፣ አንብበሽ እንደምትጨርሺው አልጠራጠርም።

ሐይቁ በመስከረም ሞልቶ ጎመን የተከልሽበት ድረስ መጥቶ ነበር። አሁን ሸሽቷል፤ ጎመኑ ግን በስብሷል። ባለሱቁ ጎረቤታችን ሙሀመድዘይን «ወለተ ሥላሴ መቼ ነው የምትመጣው?» ሲለኝ «ለመስቀል» አልሁት። መስቀል አለፈ። ከዚያ ወዲህ መጠየቁን ትቷል፤ ስኳሬን መዝኖ ብቻ ይሰጠኛል።

መኪናዋ መሄድ ቻለች። አዎ፣ ያቺ ጓሮ ውስጥ ዶሮ ትታቀፍባት የነበረችው ቮልስ። ሞተሯን አውጥቼ ከፋብሪካ ውዳቂ ያገኘሁትን የኤሌክትሪክ ሞተር እንደገጠምሁላት ታውቂያለሽ። ከኃይል ማመንጫው የተወገዱትን ስልሳ የኒኬል ካድሚየም ባትሪዎች ግማሹን ከፊት፣ ግማሹን ከኋላ ወንበር ቦታ ደረደርኋቸው። ተራ የመኪና ባትሪ ባዶውን ከቆየ ይበላሻል፤ እነዚህ ግን ስንት ዓመት ተጥለው ከርመው፣ እየሞላሁ እያራገፍሁ ደጋግሜ ባሠራቸው ነፍስ ዘሩ። ሰው ሁሉ ለኩፖን ቤንዚን ሲሰለፍ እኔ ያለ ጠብታ ቤንዚን ከተማውን ዞርሁ።

ባለፈው እሑድ ጠዋት ወደ አንቺ ልመጣ ተነሣሁ። ለማንም አልተናገርሁም። ዓባይ ድልድይ ላይ ጠባቂው አስቆመኝ።

«ሞተር አጥፋ!»

«ጠፍቷል።»

«ታዲያ አሁን በምን መጣህ?»

«በባትሪ ነው፣ ጓድ።»

ጎንበስ ብሎ ከሥር አየ፤ ጭስ መውጫውን ፈልጎ አጣ። «እስቲ ሂድ፣ ልይህ» አለኝ። ስሄድ ጠመንጃውን እንደያዘ ከት ብሎ ሲስቅ በመስታወት አየሁት። እኔም ሳቅሁ፤ ወዲያው ወደ ጎን ዞር ስል አብሮኝ የሚስቅ ሰው የለም።

ሐሙሲት ወፍጮ ቤት አድሬ ከጄኔሬተሩ ልሞላ፣ ወረታም እንዲሁ ላደርግ፣ በሦስተኛው ቀን እንፍራንዝ ልገባ ነበር ሐሳቤ። ሐሙሲት ልደርስ ጥቂት ሲቀረኝ ግን ዳገቱ ላይ ጉልበቷ አለቀ። ቀስ፣ ቀስ እያለች ቆመች።

ብዙም ሳይቆይ የጎንደር አውቶቡስ መጣ። ሾፌሩ አቁሞ «ግባ እንጂ፣ ቦታ አለ!» አለኝ። ብገባ በዚያው ቀን ደጅሽ ላይ ነበርሁ። «ባትሪዎቹን ጥዬ አልሄድም፤ ይሰርቁብኛል» አልሁት። ሄደ።

እዚያ ብቻዬን ተቀምጬ ያን ቀን አሰብሁት። ለባትሪዎቹ የበጠበጥሁትን የሚያቃጥል ፖታሽ በዘይት ጠርሙስ አድርጌ ማድ ቤት ያስቀመጥሁት እኔ ነኝ። ዘይት መስሎሽ ቡሹን ስትነቅዪ ግራ ዓይንሽ ውስጥ ተረጨ። ስትጮሂ ሮጬ ገባሁ። ወለቴ፣ መጀመሪያ ያነሣሁት ጠርሙሱን ነበር። እንዳይፈስ አቃናሁት፤ ውሃ ይዤ ወደ አንቺ የመጣሁት ከዚያ በኋላ ነው። በደህናው ዓይንሽ አይተሽኛል። ሐኪም ቤትም ሆነ ቤታችን አንድ ቀን አላነሣሽብኝም። ዕቃሽን ስትሸክፊም «ወንድሜን ልጠይቅ» ብቻ አልሽኝ። እኔም እንዳላየሽኝ ሆኜ መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁሽ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ባሕር ዳር የሚመለስ አውቶቡስ መጣ። እጄን አውጥቼ አስቆምሁትና ገባሁ። ዓባይን ስንሻገር ነው የመኪናዋን በር እንኳ እንዳልዘጋሁ ትዝ ያለኝ። ባትሪዎቹን ጥዬ አልሄድም ያልሁ ሰው፣ ወደ ቤት ሲሆን ዘወር ብዬም አላየኋቸው። ያን ጊዜ ገባኝ። ያስቀረኝ ባትሪ አልነበረም። ዓይንሽን ማየት ፈርቼ ነው።

የወፍጮ ቤቱ ሰው መኪናዋን አስገፍቶ ግቢው እንዳስገባልኝ ሰማሁ። የባትሪዎቹ ውሃ ስለሚያቃጥል ማንም እንዳይነካው ብዬ ልኬበታለሁ። ላመጣት ግን አልሄድሁም።

የኅዳር ሚካኤል ማግስት በአውቶቡስ እመጣለሁ። ተመለሺ ልልሽ አይደለም፤ ያን ለማለት አፍ የለኝም። በደብዳቤ ብቻ የሚባል ይቅርታ ስላነሰብኝ ነው። ልታዪኝ ካልፈለግሽ ሣህሉ በር ላይ ይንገረኝ፤ ሳልቀየም በመጣሁበት እመለሳለሁ።

እመቤታችን ትጠብቅሽ፤ የቀረውን ብርሃንሽን ታቆይልሽ። ሣህሉን ከነቤተሰቡ ሰላም በዪልኝ። በር ላይ ብትወጪልኝ፣ ይህን ያህል ቃል እገባልሻለሁ፦ ፊቴን አላዞርም።

የአንቺው
አምሐ