ከወንድሜ ራስጌ ስለተቀመጠው የአበባ ሸክላ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ደረትዎ ሰላም፣ ሳንባዎ ንጹሕ አየር እንዳያጣ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ለታናሽ ወንድሜ አንድ ኩላሊቴን የሰጠሁ፣ የአልጋ ቁጥር ዘጠኝ አስታማሚ ነኝ። ሰውነቱ አዲሱን ኩላሊት እንዳይገፋው ሐኪሞቹ የበሽታ መከላከል አቅሙን በመድኃኒት ዝቅ አድርገውታል፤ ስለዚህ ጤነኛ ሰው ከቁም ነገር የማይቆጥረው ተሕዋስ ሁሉ ለእሱ ጠላት ነው። ይህን እርስዎ ከእኔ በላይ ስለሚያውቁት፣ ከዚህ በታች የማቀርበው ምስጋና ብቻ ነው።

፩ኛ፦ «አረንጓዴ ክፍል» ለተባለው ውድድር ሲሉ በየአልጋው ራስጌ አንዳንድ የአበባ ሸክላ ከነአፈሩ ስላስቀመጡልን እናመሰግናለን። እኔ ብርቱካን ይዤ ስመጣ ልጣጩ ጀርም አለው ተብዬ ከበር ተመልሻለሁ፤ አፈሩ ግን በእርስዎ ፊርማ ስለገባ የፈተሸው የለም።

፪ኛ፦ የጽዳት ሠራተኛዋ በየማለዳው የሸክላውን አፈር እንድትኮተኩት መታዘዟም የሚደነቅ ነው። እሷ ምን ታድርግ፣ የታዘዘችውን ነው የፈጸመችው፤ ወንድሜም አቧራው እስኪወርድ አፉን በአንሶላ ሸፍኖ ይተባበራት ነበር።

፫ኛ፦ ሳል ሲጀምረው ብርድ ነው ተባለ፤ ከዚያ ትኩሳት፣ ከዚያ የጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ ከድጡ ወደ ማጡ። ላቦራቶሪው ከአክታው ያገኘው አፈር ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። ጽሕፈት ቤትዎ ግን ከሆስፒታሉ አፈር ለመምጣቱ ማስረጃ እንደሌለ በትሕትና ገልጾልኛል። እውነት ነው፤ ምናልባት ከአልጋው ሳይወርድ እርሻ ውሎ ይሆናል።

፬ኛ የለኝም፤ ፈርቻለሁ። መድኃኒቱ ሠርቶለት ሰኞ ወደዚያው አልጋ ይመለሳል፣ ሸክላውም እዚያው ይጠብቀዋል። ላንሣው ብል የተመዘገበ ንብረት ስለሆነ ያለ ደብዳቤ አይነቃነቅም ተባልኩ። እነሆ ደብዳቤው።

የአበባው ዕድሜ ከታማሚው ዕድሜ እንዳያጥር ሌት ተቀን ለሚደክሙት ለእርስዎ፣ የጎኔ ስፌት እስከፈቀደልኝ ድረስ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የአልጋ ቁጥር ዘጠኝ እኅት

ማሳሰቢያ፦ ንብረት ክፍል ሸክላውን ለማውጣት የሦስት ኃላፊዎች ፊርማ ያስፈልጋል ብሎኛል። ኩላሊቴን ስታወጡ የጠየቃችሁት የእኔን ብቻ ነበር።