አባዬ፣ ኬሚስትሪውን በአንተ አላሳበብኩም

አባዬ፣

ያለህበት ብርሃን ይሁንልህ። ከተለያየን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። አሁንም በሕልሜ እዚህ አሜሪካ፣ ፎልስ ቸርች በምትሠራበት መነጽር ቤት ቆመህ ሌንስ ስትቀያይርልኝ አይሃለሁ። «ይኼኛው ይሻላል ወይስ ያኛው?» ትለኛለህ፤ ሁለቱም አንድ ይሆኑብኛል። ስነቃ የጣቶችህ ቅዝቃዜ ጉንጬ ላይ የቀረ ይመስለኛል።

የቤቱን ላውራህ። እማዬ ለንደን ናት፤ የሆስፒታል ሥራዋን አልለቀቀችም። ከመነጽር ቤቱ ብዙ የማይርቀው የአሌክሳንድሪያው አፓርታማህ ሌላ ሰው ገብቶበታል። እህትህ፣ አክስቴ ሰናይት፣ ወንበርህን ሲልቨር ስፕሪንግ ወስዳ መስኮቷ ሥር አስቀምጣዋለች፤ ማንም እንዲቀመጥበት ግን አትወድም። እኔ ደግሞ እዚሁ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። አዎ፣ ያቺ እንግሊዝ ተወልዳ ያደገች፣ ውጤቷ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ የሚለው ልጅህ!

ትምህርት ሲዘጋ አንተ ጋ እመጣ የነበረ ጊዜ፣ እሁድ እሁድ በሜትሮ ወደ አክስቴ ቤት ስንሄድ ትዝ ይልሃል? ባቡሩ ከዋሻው ወጥቶ ወንዙን የሚሻገርበት ድልድይ ላይ ሲደርስ ወሬህን ታቋርጥ ነበር። ከታች ውሃው፣ በላዩ ጉሙ፣ ከሩቅ ነጫጮቹ ሕንፃዎች፤ እኛም አብረን የምንንሳፈፍ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን እዚያው ላይ «እዚህ ዩኒቨርሲቲ አፕላይ ብታደርጊ እኮ አንድ ቤት እንኖር ነበር» አልከኝ። ወዲያው ዋሻው ዋጠን። እኔ ግን ቃልህን ይዤ ለንደን ገባሁ።

አንተ ያረፍከው ኤ-ሌቭል፣ የእንግሊዝን የመሰናዶ ትምህርት፣ በጀመርኩ ሰሞን ነው። በዓመቱ መጨረሻ ታሪኩም ሥነ ጽሑፉም ደህና ሆነ፤ ኬሚስትሪ ግን ዲ መጣ። አስተማሪዬ፣ የአሜሪካ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች የድሮውንም የአሁኑንም ውጤት አገላብጠው እንደሚያዩ ነገረችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ስለ አባትሽ ሞት ጻፊ፤ ውጤትሽን ያስረዳልሻል» አለች። ክፋት አልነበረባትም። ሞከርኩ። አንተን ከዲው አጠገብ ላስቀምጥህ ስል ግን እጄ እምቢ አለኝ፤ ስለ ድልድዩ ጻፍኩ።

አሜሪካ ላመለክት መሆኑን ስነግራት እማዬ «ለዚያ አገር አንድ ሰው ሰጥቻለሁ፤ ሁለተኛ አልሰጥም» ብላ ፊቷን አዞረች።

ለሙት ዓመትህ ከእማዬ ጋር ሲልቨር ስፕሪንግ መጣን። በዚያው ሰሞን ካመለከትኩባቸው አንዱ ለኢንተርቪው ጠራኝና አክስቴ በመኪናዋ አደረሰችኝ። ግቢው ቢጫ ቅጠል ለብሶ የእግሬ ኮቴ እንኳ አይሰማም፤ በሌላ ሰው ሕልም ውስጥ የምራመድ መሰለኝ። ኢንተርቪው የምታደርገኝ ሴትዮ ወረቀቴን አየት አድርጋ «ኬሚስትሪው ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ።

አባቴ ሞቶ ነው ልላት አፌ ላይ ደረሰ። ቢሆንም ከዓመታት በፊት፣ በስካይፕ፣ አንተ ብርሌና ጠርሙስ ደርድረህ ስለ አቶም ስታስረዳኝ፣ እኔ ሳዛጋ፣ አንተ መነጽርህ እስኪወድቅ ስትስቅ ታየኝ።

«በዚያ ዓመት አባቴን አጥቻለሁ» አልኳት። «ኬሚስትሪ ግን እሱ በሕይወት እያለም አይገባኝም ነበር።»

ሴትየዋ ከወረቀቴ ቀና አለች። ከዚያ ሳቋ አመለጣት፤ እኔም ተከተልኳት። ካረፍክ ወዲህ ስለ አንተ እያወራሁ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከሌሎቹ ዩኒቨርሲቲዎች የመጣው መልስ «እናዝናለን» የሚል ነው፤ አብዝቼ የተመኘሁትም ሳይቀር። ለሁለት ቀን ከአልጋዬ አልወረድኩም። ያቺ ሴትዮ ያለችበት ግን ተቀበለኝ፤ ክፍያውንም አብዛኛውን ቻለልኝ።

ለእማዬ ስነግራት ዕቃ እያጠበች ነበር። ቧንቧውን ዘጋች።

«ከመቃብሩ ይርቃል?»

አይርቅም፣ ቅርብ ነው አልኳት።

«እንግዲያው ሂጂ። ብቻውን አይሁን።»

እንዲህ ሆኖ መጣሁልህ አባዬ፤ አንድ ቤት ባይሆንም አንድ አገር።

የመጀመሪያው ቀን ክፍል ገብቼ ተቀመጥኩ። ፕሮፌሰሩ ስም ሲጠራ የእኔን ዘሎ የአንተን ጠራ፤ እዚህ የሚያስጠራው የአባት ስም ነው። «ሚስ ታደሰ?» ሲል አንተን ፍለጋ ወደ በሩ ዞር አልኩ። ማንም አልነበረም። ሁለተኛ ሲጠራ እጄን አነሳሁ።

ልርሳህ ብል እንኳ ማን ይተወኛል? አገሩ ሁሉ በስምህ እየጠራኝ ነው፤ እኔም በተጠራህ ቁጥር አቤት እላለሁ።

ልጅህ
ሕሊና