በመጥረቢያ የተሰበረው ጓጉንቸር

ልጄ ሀዲያ፣ ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። አላህ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፤ የሰው ቤት ሥራ ያቅልልሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ገብሱን ውርጭ መታው፤ ላሚቱ ግን ወልዳለች፣ አባትሽም ጉልበቱ ተሽሎታል።

በቁጠባና ብድር ማኅበራችን አሁን ሃያ ሴቶች ሆነናል። አንዷ ብቻዋን እንዳትከፍተው የገንዘቡ ሣጥን ሦስት ጓጉንቸር አለው፤ የአንዱን ቁልፍ የምይዘው እኔ ነኝ። ባለፈው ቁልፉን በነጠላዬ ጫፍ እንደቋጠርኩ ረስቼው ወግዲ ለቅሶ ሄድኩ። በዚያው ቀን ጎረቤታችን ሰብሌ ምጥ ጠናባትና የመኪና ብር ተፈለገ። ሴቶቹ ቢጠብቁ ቢጠብቁ ሲያጡኝ ጓጉንቸሬን በመጥረቢያ ሰበሩት። ሰብሌም ሐኪም ቤት ደርሳ በሰላም ተገላገለች።

ስመለስ ቅጣቴን ከፈልኩ። ቁልፍ መያዙን ለሌላ ልተው ብል፣ «አንድ ጊዜ የተቀጣች ሁለተኛ አትረሳም፤ አንቺው ያዥ» አሉኝ።

አባትሽ አልጋ የያዘ ዓመት እንዲህ ያለ ሣጥን ቢኖረን ኖሮ አንቺ አረብ አገር ባልሄድሽ ነበር። እንግዲህ ያለፈ ነገር ነው።

እንቅልፍሽን አታጉድዪ፤ ሲያምሽም ደብቀሽ አትሥሪ። አላህ በሰው አገር ሰው ይስጥሽ።

አንድ ነገር ልለምንሽ፤ በተሰበረው ምትክ ጓጉንቸር ላኪልኝ። በጣም ጠንካራ አይሁን፣ በመጥረቢያ የሚሰበር ይሁን። የሚመጣ ሰው ካጣሽ ራስሽ ይዘሽው ነይ።

እናትሽ የሻለም