የምታለቅሰዋ ፊት

የካቲት 4
ዛሬ ለመጠይቁ አራት ታማሚ ጠየቅሁ። ሁሉም አምስት! "የስልኩ አፕ ምን ያህል አርክቶዎታል? ከአንድ እስከ አምስት…" ሳልጨርስ "አምስት"። ካንሰር የያዘው ሰው እንዲህ የሚደሰትበት ነገር ከሆነ ለእኔም ይጫንልኝ። ደሴ ያለው አለቃዬ አረጋ ፈንድቋል። "ጎበዝ፣ እንዲህ ነው ሥራ!" አለኝ በስልክ። እኔ ምን ሠራሁ?

የካቲት 6
አዲሱ ጫማ እግሬን ላጠው። ለላስታ ዳገት የማይሆን ጫማ… ማን ግዢ አለኝ?

የካቲት 9
ብልባላ ደርሼ መጣሁ። ከመኪናው መንገድ ወዲያ አንድ ሰዓት በእግር። እማማ አመተ ማርያም ዘንድ፤ የጡት ካንሰር፣ ደሴ ታክመው የተመለሱ። አፑ በየጠዋቱ "ሕመምዎ እንዴት ነው?" ብሎ አምስት ፊት ይደረድራል፣ ከምትስቀዋ እስከምታለቅሰዋ። የምታለቅሰዋ ስትነካ ነርሷ ትደውላለች፣ መድኃኒት ይስተካከላል። የእማማ ግን ሁለት ወር ሙሉ ሳቅ ብቻ። ድነዋል ብዬ ነበር የሄድሁት።

መደብ ላይ ቁጭ ብለዋል፣ ቀኝ ክንዳቸውን በግራ እጃቸው ደግፈው። ሊነሱልኝ ሲሞክሩ ፊታቸው ዐመድ መሰለ።
"ኧረ በሞቴ ይቀመጡ! ሕመሙ እንዴት ነው?"
"ተመስገን። አንቺስ? መንገዱ አልጎዳሽም?"
"ስልኩስ? ከአንድ እስከ አምስት…"
"አምስት በይ።"
"ከልብዎ ነው እማማ?"
"ይህን ሁሉ ዳገት ወጥተሽ መጥተሽ፣ ሁለት ብዬ እንጀራሽን ልዝጋው? ነውር አይደለም?"
አፈርሁ። እስከ ዛሬ የሰበሰብሁት አምስት ሁሉ… ለእኔ ነበር እንዴ?

ምራታቸው ሰብሌ ልትሸኘኝ ወጣች። እቤት ኔትወርክ የለም፤ ጠዋት ጠዋት ስልኩን ይዛ ጉብታው ላይ የምትወጣው፣ ፊቷንም የምትነካው እሷ ናት።
"ሲያማቸው አታዪም?"
"አያለሁ እንጂ! ስጠይቃቸው ግን ተመስገን ይሉኛል። ደግሞ ይቺን የምታለቅሰዋን… በአማቴ ላይ እኔ ላሟርት? ምራቷ በቁሟ አለቀሰችባት ቢባልስ?"
እኔስ በእናቴ ላይ እነካት ነበር? አልነካትም።

የካቲት 10
ለአረጋ ነገርሁት፤ ጥያቄው ይለወጥ አልሁት። "መጠይቁ ጸድቆ የመጣ ነው፣ አንድ ቃል አይነካም። አምስት ብለዋል አይደል?" አለ። ንድድ አለኝ! ስልኩን ዘግቼ ለሀፊዛ ደወልሁ፤ የአፑ ነርስ እሷ ናት። "ያ ረቢ! እኔ እኮ ደህና ናቸው ብዬ ትቻቸዋለሁ" አለች። ሕመማቸውን ሳይሆን ውሎ አዳራቸውን ልጠይቅ ተባባልን።

የካቲት 13
እንደገና ብልባላ። በአሮጌው ጫማ።
"እማማ፣ ነጠላዎን ዛሬ ማን አለበሰዎት?"
"ሰብሌ ናታ።"
"እንዝርትስ መቼ ያዙ?"
"ኧረ ከጥምቀት ወዲህ አልያዝሁም።"
"ሲተኙ በየትኛው ጎን ነው?"
ቀስ ብለው፣ "ምን ጎን አለ ልጄ… ቁጭ ብዬ ነው የማነጋው።"
ሰብሌ የምትተኛው በወዲያኛው ቤት ነው። አላወቀችም። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች። እኔም ተከተልኋትና ጉብታው ላይ ተያይዘን አለቀስን፤ አፑ የማይመዘግበው ለቅሶ። ከዚያ ለሀፊዛ ደወልን። "ነገውኑ አምጧቸው" አለች።

የካቲት 14
ጎረቤት በቃሬዛ እስከ መኪናው መንገድ አደረሳቸው። ሐኪም ቤት ገቡ። የሚዋጥ የሕመም ማስታገሻ ተጀመረላቸው።

የካቲት 17
ሪፖርቱን ላክሁ። "እርካታ ዘጠና ስድስት በመቶ" ከሚለው ሥር ጻፍሁ፦ ይህ እርካታ አይደለም፣ ይሉኝታ ነው። ጥያቄው ካልተለወጠ ሰው እየሳቀ ይሞትብናል።
አረጋ አልመለሰም።

የካቲት 21
መለሰ። "ይህን ጽፈሽ የሥራ ውሌ ይታደስልኛል ብለሽ ነው?" እኔ እንጃ። የቤት ኪራይ አለብኝ፣ ፈርቻለሁ። ግን አልሰርዝም።

መጋቢት 10
ስለ ውሉ እስካሁን ወሬ የለም። ብልባላ ግን ሄድሁ። በሽታው የትም አልሄደም፤ ሀፊዛ ሳትደብቅ ነግራኛለች። ግን እማማ በግራ ጎናቸው ይተኛሉ። እንዝርቱም ከአጠገባቸው አለ፣ ትንሽ ትንሽ ይሞክራሉ። ሰብሌ አሁን ፊት ብቻ አትነካም፤ ጉብታው ላይ ወጥታ ለሀፊዛ ትደውላለች፦ ለበሱ፣ በሉ፣ ተኙ፣ አልተኙም።

መጠይቁን እንደገና አነበብሁላቸው። አንድ ቃል ሳልነካ።
"ከአንድ እስከ አምስት?"
አሰቡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያስቡ አየሁ።
"ላንቺ አምስት። ለስልኩ ግን… ሁለት። ሁለት ወር ሙሉ ስስቅ እያየ፣ ይቺ የታመመች ሴት ምን ያስቃታል ብሎ አልጠየቀኝም።"
ሁለት ብዬ ጻፍሁ። ደስ ብሎኝ።