አሁንም ኤርፖርት በር ላይ ስለሚቆመው ባለቤቴ

ለክቡር አቶ ስምኦን፣
የቆርኪ ሳፋሪና ጉዞ ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ የቢሮዎ የአየር ማቀዝቀዣም በመልካም ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል፣ ለማንም ነግሬ የማላውቀውን ነገር ለመናገር የሚበቃ አቅም አግኝቻለሁ ማለቴ ነው። ነገሩም ይህ ነው፦ የድርጅትዎ ተቀጣሪ ሳልሆን ለድርጅትዎ ስል ሁለት ጊዜ በስልክ ዋሽቻለሁ። ነፍስ አባቴም ጎረቤቶቼም አያውቁም። ከእነርሱ ቀድሜ ለእርስዎ የምናገረው ይበልጥ ስለማምንዎት ሳይሆን፣ በሁለቱም ውሸት የተጠቀሙት እርስዎ ስለሆኑ ማወቅ ይገባዎታል ብዬ ነው።

ስሜ አምለሰት ነው። ጁባ ውስጥ አትላባራ በሚባለው ሰፈር ተከራይቼ እኖራለሁ፤ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ምስርና በርበሬ የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ባለቤቴ ጸጋአብ የድርጅትዎ ሾፌር ነበር። የዱር እንስሳትን ፍልሰት ለማየት የሚመጡ እንግዶችዎን ከኤርፖርት ተቀብሎ ሆቴላቸው ያደርሳል፤ በማግስቱም እንስሳቱ ወዳሉበት ወደ ባዲንጊሎ ፓርክ የምትበረው ትንሽ አውሮፕላን ዘንድ ይወስዳቸዋል። ባለፈው መጋቢት አርፏል፤ ሙት ዓመቱም እየደረሰ ነው። ይህን ልነግርዎ የተገደድኩት በድርጅትዎ ድረ ገጽ ላይ ባለቤቴ እስከ ዛሬ በሕይወት ስላለና ሥራውንም ሳያቋርጥ ስለቀጠለ ነው።

ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ማንበብ የለመድኩት ካደግሁ በኋላ ለብቻዬ ነው። ከዚህም የተነሣ የጀመርኩትን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው መስመር የማንበብ መጥፎ ልማድ አለብኝ። የድርጅትዎን የአማርኛ ገጽም እንዲሁ ጨርሼ አንብቤዋለሁ። እንግዳው ከአገሩ ሳይነሣ የበረራ ቁጥሩን፣ የሚደርስበትን ሰዓትና የሻንጣውን ብዛት ይሞላል፤ ወዲያውም የሚቀበለው ሾፌር ስም፣ ፎቶና ስልክ ይላክለታል። ስሙ የጸጋአብ ነው። ፎቶውም የጸጋአብ ነው። ስልኩም የእርሱ ነው፤ የሚጠራው ግን በእኔ ሽርጥ ኪስ ውስጥ ነው።

ቢሮ በቁጥር የተጻፈ ነገር ይወዳል ሲባል ስለሰማሁ፣ ምስጋናዬን በቁጥር አድርጌ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ለእንግዶች ስላለዎት ክብር አመሰግናለሁ። ሾፌሩ የእንግዳው ስም ያለበትን ወረቀት በሁለት እጁ ይዞ መውጫው በር ፊት ለፊት ቆሞ እንዲጠብቅ፣ መኪና ውስጥ እንዳይቀመጥ፣ ጥላ ፍለጋም ቦታውን እንዳይለቅ የሚያዝ መመሪያ አለዎት። ጁባን በመጋቢት ላላየ ሰው ይህ የጨዋነት ደንብ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ሥራ በወጣበት ዕለት ጠዋት ባለቤቴ በትኩሳት ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ወባ መሆኑን ሁለታችንም አውቀናል። የጁባዋ አስተባባሪዎ ነጃት ስትደውል እርሱ እንቅልፍ ወስዶት ስለነበር ስልኩን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ታሟል ማለት ነበረብኝ። የመኖሪያ ፈቃዳችን ግን በድርጅትዎ በኩል የወጣ ነው፤ ከእርሱ በፊት አንድ ሾፌር ታሞ በቀረ ጊዜ ከሥራው ተባርሮ ፈቃዱንም ማጣቱን ሰምቼ ነበር። ስለዚህ ወጥቷል፣ መንገድ ላይ ነው አልኳት። ከዚያ ገብቼ ቀሰቀስኩት። ለምን እንዲህ አልሽ አላለኝም። እጁ አልታዘዝ ስላለው የሸሚዙን ቁልፍ እኔ ቆለፍኩለት።

የዚያን ቀን በረራ ዘግይቶ ነበር። ቢሮዎ ይህን በጊዜ አውቆ እንግዶቹ ለሚያርፉበት ሆቴል አሳውቋል፤ ምሳቸው እንዳይቀዘቅዝ። ለሾፌሩ መንገር ግን መመሪያው ውስጥ የለም። ባለቤቴ ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ ወረቀቱን ይዞ ቆመ፤ ከዚያም ወደቀ። አንሥተው በሞተራቸው ሐኪም ዘንድ ያደረሱት ደጁ ላይ ሰው የሚጠብቁ የቦዳ ቦዳ ነጂዎች ናቸው። በሦስተኛው ቀን አረፈ፤ እዚሁ ጁባ ቀበርነው። እንግዶቹ ታክሲ ለመያዝ በመገደዳቸው ከድርጅትዎ የይቅርታ መልእክትና የፍራፍሬ ቅርጫት እንደደረሳቸው ስሰማ፣ ይቅርታ መጠየቅ የሚያውቅ ቤት ውስጥ መሥራቱን አስቤ ተጽናናሁ። ቅርጫቱ እኔ ዘንድ አለመድረሱንም የአድራሻ ስሕተት አድርጌ ወስጄዋለሁ።

የመጀመሪያው ውሸቴ ይህ ነው። ከእርስዎ ምሕረት አልለምንበትም፤ እርሱን ለብቻዬ እሸከመዋለሁ።

ሁለተኛ፣ ባለቤቴን ከሞተ በኋላ ለማዕረግ ስላበቁት አመሰግናለሁ። ነጃት ለቅሶ ደርሳኝ ከልቧ አልቅሳለች፤ እርሷን አልወቅስም። ስሙና ፎቶው እንዲነሣልኝ ብለምናት፣ ዋናውን መሥሪያ ቤት ጠይቃ አንገቷን ደፍታ መልስ አመጣችልኝ። ጸጋአብ ከእንግዶች ያገኘው ብዙ ኮከብ ስላለው፣ አዲስ ሾፌር ግን ከዜሮ ስለሚጀምር፣ ለጊዜው ባለበት እንዲቆይ ተወስኗል የሚል ነበር። ይኸው ለጊዜው ባለበት አለ። ከዚያ ወዲህ በስልኩ ምስጋና ይጎርፋል። ጎረቤቴ ሊሊያን የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናት፤ እየተረጎመች ታነብልኛለች። ጸጋአብ ቀድሞን ተገኘ፤ ጸጋአብ ሻንጣችንን ተሸከመልን፤ የጸጋአብ ፈገግታ አይረሳም። በሕይወት ሳለ አልፎ አልፎ ያረፍድ ነበር፤ ከሞተ ወዲህ ግን አንድ ቀን አርፍዶ አያውቅም። ሰውን እንዲህ የሚያሻሽል ድርጅት ሌላ ቦታ መኖሩን እጠራጠራለሁ። በዚሁ ገጽዎ ላይ በባዲንጊሎ የሚፈልሱት አጋዘኖች ከአውሮፕላን ሆነው በመቶ ሺዎች መቆጠራቸውን አንብቤ ተደንቄያለሁ። ጁባ ያሏችሁ ሾፌሮች ሦስት ናቸው። አንዱ መጉደሉን ለማየት ምናልባት ከዚያ ዝቅ ብሎ መብረር ያስፈልግ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ሞሰስን ስለቀጠሩ አመሰግናለሁ፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው። ሞሰስ የዚህ አገር ልጅ ነው፤ በስደት ጋምቤላ ስላደገ አማርኛን እንደ እኛው ይናገራል። ባለቤቴ አጠር ያለ፣ ቀይ ሰው ነበር። ሞሰስ በቤቴ በር ጎንበስ ካላለ አይገባም፤ መልኩም ጥቁር ነው። ቢሮዎ የሰጠው ትእዛዝ እንግዳ ሲጠይቀው ጸጋአብ ነኝ እንዲል ነው። ሥራ ሊጀምር አንድ ቀን ሲቀረው ቤቴ መጥቶ ወንበር ስሰጠው ጫፉ ላይ ተቀመጠ። «እትዬ አምለሰት፣ ከነገ ጀምሮ ጸጋአብ ነህ ብለውኛል» አለኝ። «እሺ ብዬ ከመቆሜ በፊት እርስዎን ልጠይቅ ብዬ ነው።» ቀጥሎም ማለሽ አለኝ። እዚህ ከተማ ይቅርታ ለመጠየቅም ያዘነን ለማጽናናትም የሚባለው ይኸው ቃል ነው፤ ከድርጅትዎ በኩል የደረሰኝም ይኸው ቃል ብቻ ነው። የሚያሳድጋቸው ልጆች እንዳሉት ስለነገረኝ ፈቀድኩለት። ሲወጣ፣ እንግዶቹ ፎቶውን አይተው ቀና ብለው ሲያዩኝ ምን ልበላቸው ብሎ ጠየቀና መልሱን ራሱ ሰጠ፤ ፎቶውን ከተነሣሁ በኋላ አድጌያለሁ እላቸዋለሁ አለ። ከቀብሩ ወዲህ የሳቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ባለፈው ወር ለብቻዋ የመጣች አንዲት በዕድሜ የገፋች ካዋጃ፣ የውጭ አገር ነጮችን እዚህ እንዲህ ነው የምንላቸው፣ ከሞሰስ መኪና አልገባም አለች። ከፎቶው ጋር የማይመሳሰል ሰው መኪና ውስጥ እንዳይገቡ እንግዶችን የሚያስጠነቅቀው የራስዎ ገጽ ስለሆነ እውነቷን ነው። በሩ ላይ ቆማ ወደ ጸጋአብ ስልክ ደወለች። እኔ አያክ ለምትባል ደንበኛዬ ምስር እየሰፈርኩ ነበር። ከባለቤቴ በለቃቀምኳት እንግሊዝኛ ጥያቄዋን ተረዳሁት፤ ፊቷ የቆመው ሰው ጸጋአብ መሆን አለመሆኑን ነበር የምትጠይቀኝ። አይደለም ብል ሞሰስ ይባረራል፤ ሴትዮዋም ፀሐይ ላይ ትቀራለች። እዚያ በር ላይ፣ እዚያ ፀሐይ ላይ።

«አዎ፣ እርሱ ነው» አልኳት። «ጥሩ ሰው ነው፤ አብረሽው ሂጂ።»

ምስሩ ከጣሳው አልፎ መሬት ሲፈስ ያየችው አያክ ናት፤ እጄን ያዘችኝ። ከመጀመሪያው ውሸት ይልቅ ይህኛውን ለመናገር የሚከብደኝ ለአፍታ ደስ ስላሰኘኝ ነው። እርሱ ነው ስል፣ እዚያ ቆሟል፣ ፊትሽ አለ ስል፣ ቃሉ ከአፌ እስኪያልቅ ድረስ እኔም አመንኩት።

ሴትዮዋ በሰላም ደረሰች። ከጉዞዋ ስትመለስ ግን እንደ ተታለለች ገብቷት ኖሮ ለጸጋአብ አንድ ኮከብ ብቻ ሰጠችው። ቢሮዎም ለሞሰስ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ጻፈ፤ ጥፋቱም «የአቶ ጸጋአብን መልካም ስም ማጉደፍ» ይላል። ክቡር ሆይ፣ የባለቤቴን ስም ለመጠበቅ ይህን ያህል እንደሚጨነቁ ባውቅ ኖሮ ቀድሜ በጻፍኩልዎት ነበር።

አራተኛውን ለመጻፍ ተቀምጬ ምስጋናው አልመጣልኝ አለ። ስለዚህ ያለ ቁጥር እናገራለሁ።

ስልኩን ለምን አልዘጋሽውም ይሉኝ ይሆናል። በየወሩ ካርድ እየሞላሁ ያቆየሁት እኔ ነኝ። ስልኩ ሲጠራ አንድ ሰው ከሩቅ አገር ባለቤቴን እየፈለገው ነው፤ ስሙን ጠርቶ የት ደረስክ ይለዋል። በዚህ ከተማ ስሙን እንደዚያ የሚጠራው ሰው የለም፤ የእኛ ሰዎች እንኳ ነፍሱን ይማረው ሳይሉ አያነሡትም። እናም እርስዎ ገጹን ባለማስተካከልዎ እኔም በድብቅ ተጠቅሜያለሁ። ስሙን ከገጹ ሲያወርዱት ዝም የሚለው የድርጅቱ ገጽ ብቻ አይደለም፤ ስልኩም ዝም ይላል፤ ከዚያ ወዲያ እርሱን የሚጠብቅ ሰው በዓለም ላይ አይኖርም። ይህን አውቄ ነው የምለምንዎት።

የምለምንዎት ትንሽ ነው። የባለቤቴን ስምና ፎቶ ያውርዱልኝ። ሞሰስ በራሱ ስም፣ በራሱ ፎቶ፣ ባለ ዜሮ ኮከብ ሆኖ ይቁም፤ ዜሮ በሕይወት ላለ ሰው አያንስም። ቢታመምም ይተኛ። ይህን ደብዳቤ ከመጻፌ በፊት እንጀራው እንዳይቋረጥ ፈርቼ የእርሱን ስም ሳልጽፍ ልለፈው ወይ ብዬ ጠይቄው ነበር። «ይጻፉት» አለኝ። «ከተባረርኩም በራሴ ስም ልባረር።»

እኔም ከእንግዲህ ስልኩ ሲጠራ አነሣዋለሁ፤ ጸጋአብ የት ነው ለሚለኝ ሁሉ ግን ሞቷል ብዬ እመልሳለሁ። ለሦስተኛ ጊዜ እንድዋሽልዎት የሚፈልጉ ከሆነ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አቅም የለኝም።

ጊዜዎን ስለተሻማሁ በብዙ ትሕትና ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ድርጅትዎ ለቤቴ ያደረገውን ሁሉ እግዚአብሔር ሳያጎድል በዚያው ልክ ለቤትዎ እንዲከፍልዎ ጠዋትና ማታ የምጸልይ፣

አክባሪዎ
አምለሰት፣ የሟቹ የጸጋአብ ባለቤት
ጁባ

ማስታወሻ፦ በፎቶው ላይ ያለውን ሾፌር ካላየን የሚሉ እንግዶች ቢያጋጥሙዎት ወደ እኔ ይላኳቸው፤ ያለበትን አሳያቸዋለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያው ነኝ። እርስዎም ራስዎ ለመምጣት ካሰቡ ከአንድ ቀን በፊት ያሳውቁኝ፤ ስምዎን በወረቀት ጽፌ፣ በሁለት እጄ ይዤ፣ የመቃብሩ በር ላይ ቆሜ እቀበልዎታለሁ።

ግልባጭ፦
ለወይዘሪት ነጃት፣ የጁባ አስተባባሪ፤
በጁባ የኢትዮጵያውያን ማኅበር የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ፤
ለአቶ ሞሰስ፤
በመጪው ማክሰኞ ጁባ ለሚያርፉት አዛውንት ባልና ሚስት ለሄንክና ለግሬታ፦ «ውድ ጸጋአብ፣ አንተን ለማግኘት ጓጉተናል» ብለው ከትናንት ወዲያ ስለጻፉለትና እስከ ዛሬ የመለሰላቸው ስለሌለ፣ ሊሊያን ይህን ደብዳቤ ወደ እንግሊዝኛ መልሳልኝ ከአገራቸው ሳይነሡ በእርሱ ስልክ እልክላቸዋለሁ።